እርጅና አይደለም፣ እማዬ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ትናንት በስልክ ስናወራ ድምፅሽ መጀመሪያ ላይ ጥርት ያለ ነበር። እየቆየ ግን በአፍንጫሽ የምትናገሪ መሰለኝ፤ መጨረሻ ላይ ቃላቱ ተጣበቁብሽ። «ጠዋት ደህና ስለነበርኩ ኪኒኑን ለነገ አቆየሁት፤ ደግሞም እርጅና ነው» ስትዪኝ እንቅልፍ አጣሁ።

እርጅና ጠዋት ሄዶ ማታ አይመለስም፣ እማዬ። ባለፈው አንቺ ጋ ሳድር ጠዋት ሁለቱም ዐይኖችሽ ፈክተው ነበር። እራት ላይ ግን የግራው ቆብ ወርዶ፣ እኔን ለማየት አገጭሽን ወደ ላይ ቀና አድርገሽ፣ ስታኝኪ ደግሞ መንጋጋሽን በእጅሽ ደግፈሽ ነበር። አይቼ ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሐኪሙ ሲያስረዳ ደንግጠሽ ስለነበር ልድገምልሽ። ሕመሙ ማያስቴኒያ ግራቪስ ይባላል። ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው አሴቲልኮሊን በሚባል ኬሚካል ነው። ከበሽታ ሊጠብቀን የሚገባው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ጡንቻው ላይ ያሉትን የዚህን ኬሚካል ተቀባዮች ያጠቃል። ጡንቻው በሠራ ቁጥር ይዝላል፤ ሲያርፍ ይበረታል። ጠዋት የሚሻልሽ ሌሊቱን ስላረፍሽ እንጂ ስለዳንሽ አይደለም። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም፤ ወደ ማንም አይተላለፍም።

ለነገ ያቆየሽው ኪኒን፣ ፒሪዶስቲግሚን፣ ኬሚካሉ ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል፤ ግን ጉልበቱ የሚቆየው ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት ያህል ነው፤ ለነገ አይቀመጥም። በ1934 እ.ኤ.አ. ሜሪ ዎከር የምትባል ሐኪም የሕመምተኛዋ ድካም ኩራሬ የሚባለው ጡንቻን የሚያዝል መርዝ ከሚያመጣው ጋር ቢመሳሰልባት የመርዙን ማርከሻ ሰጠቻት፤ የወደቀው የዐይን ቆቧ ተነሣ። ያንቺ ኪኒን የዚያ መድኃኒት ዘመድ ነው። ይህን ሳነብ አንቺን አስቤ አለቀስኩ።

የተሳሳተውን የሰውነት መከላከያ የሚያበርደውን ሌላውን መድኃኒትሽን፣ ፕሬድኒሶሎኑንም፣ በራስሽ አታቋርጪ፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ጉንፋን ሲይዝሽ ከጎረቤት መድኃኒት አትቀበዪ። እንደ ጄንታማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉት አንቲባዮቲኮች ድካሙን ሊያብሱት ይችላሉ፤ ስማቸውን በወረቀት ጽፌ ቦርሳሽ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ለሚያክምሽ ሁሉ አሳዪ። ምራቅ መዋጥ ካቃተሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዱሽ።

ከእንግዲህ የምደውልልሽ ጠዋት ነው። ማታ ከናፈቅሽኝ ግን አንቺ ዝም ብለሽ ስሚኝ፤ እኔ አወራልሻለሁ።

ልጅሽ