ስለ ሲ ፕሮግራምና ማቲማቲካ ግንኙነት ስለተሰጠን ድጋፍ የቀረበ ቅሬታ

ለደንበኞች ድጋፍ ክፍል

ጉዳዩ፦ ሦስት ጊዜ ያለ መፍትሔ ስለተዘጋው ጥያቄያችን

እንደምን ሰነበታችሁ። ዓመታዊ የድጋፍ ክፍያችንን አንድም ጊዜ ሳናዘገይ የከፈልን ደንበኞች ነን። ይህን የምጽፈው ጥያቄያችን ሦስት ጊዜ «ተፈትቷል» ተብሎ ስለተዘጋብን ነው። አልተፈታም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ከፍታን የሚያሰላ፣ በሲ የተጻፈ ፕሮግራም አለን። ስሌቱን እሱ ይሠራል፤ ግራፉን ማቲማቲካ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ያወጣል። ሁለቱ የሚነጋገሩት ደብሊውኤስቲፒ በሚባለው ፕሮቶኮል ነው። ላፕቶፔ ላይ ኮምፓይል ሳደርገው (ኮዱን ወደሚነሳ ፕሮግራም ስቀይረው) ያለ ችግር ሠራ። ያንኑ ፋይል ላቦራቶሪው ሰርቨር ላይ ገልብጬ ማቲማቲካ ውስጥ «ኢንስቶል» በሚለው የማገናኛ ትእዛዝ ስጠራው ግን የሚመልስልኝ «$ፌይልድ» (አልተሳካም) ብቻ ሆነ።

ለእናንተ ጻፍን። ማቲማቲካን አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑት አላችሁን። ጫንን፤ ያው ነው። ሁለተኛው ባለሙያም ጫኑ አለ፣ ሦስተኛውም። አንዱ ጭነት ብቻ በእኛ ኢንተርኔት ግማሽ ቀን ይበላል። ላፕቶፑ የሚሠራበት የኡቡንቱ ሊኑክስ ስሪት 22.04፣ የሰርቨሩ ደግሞ 20.04 መሆኑን በመጀመሪያው ኢሜይሌ ጽፌ ነበር። መልሱ እዚያው ነበር።

በ12ኛው ቀን ማታ ፕሮግራሙን ከማቲማቲካ ውጭ፣ ተርሚናል ላይ ለብቻው አስነሳሁት። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ «ክሬት ሊንክ» ብሎ የግንኙነቱን ስም ይጠይቀኝ ነበር። እሱ ግን «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ብሎ ቆመ። ጂሊብሲ የሲ ፕሮግራሞች ሊኑክስ ላይ ሲነሱ የሚጠቀሙበት መሠረታዊ ላይብረሪ ነው። የላፕቶፑ ጂሊብሲ 2.35 ነው፣ የሰርቨሩ 2.31። አዲሱ ላይ የተሠራው ፕሮግራም አሮጌው ላይ አልነሳም ያለው ለዚህ ነው። የማቲማቲካ ጥፋት አልነበረም። መቶ ጊዜ ብንጭነውም ለውጥ አይመጣም ነበር።

ሰርቨሩ ላይ እንደገና ኮምፓይል ሳደርግ ደግሞ የእናንተው መመሪያ አሳሳተኝ። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሙ ከላይብረሪዎቹ ጋር ሲያያዝ (ሊንክ ሲደረግ) «ዩዩአይዲ» የሚባለው ላይብረሪ መጨመር አለበት፤ መመሪያው አይጠቅሰውም። ስጨምረው ወዲያው ሠራ። መመሪያው ደብሊውኤስቲፒን ዛሬም በድሮ ስሙ «ማዝሊንክ» ነው የሚለው። ስሙ እኮ ከማቲማቲካ 10 ጀምሮ፣ በ2014 ተቀይሯል። ጀማሪ ተማሪ ያንን ሰነድ ይዞ ኮዱ ውስጥ የትኛውን ሄደር ፋይል (የላይብረሪውን ትእዛዞች የሚያስተዋውቅ ፋይል) ይጥራ?

ባለሙያዎቻችሁ ትሑት ናቸው፤ ያንን አልክድም። የከፋኝ የላክነውን ማንም አለማንበቡ ነው። ሁለት ተመራቂ ተማሪዎቻችን ይህን ውጤት ሲጠብቁ የማስረከቢያ ቀናቸው አለፈ። አንዷ ቀኑ እንዲራዘምላት ስትለምን አጠገቧ ቆሜ ነበር። ምን እንደምላት አጣሁ።

አሁን የምንጠይቀው፣ በመዝገባችሁ ላይ «ተፈትቷል» የተባለው ጥያቄ እውነተኛው መንስኤ ተጽፎበት እንዲታረም ነው። መመሪያውም ይስተካከል፤ መታረም ያለባቸውን መስመሮች አያይዤ ልኬያለሁ። የባከኑት 12 ቀናት በድጋፍ ውላችን ላይ ይጨመሩልን። ከሁሉም በላይ ሲ የሚያውቅ ሰው መድቡልን። እንደገና ጫኑ ከማለቱ በፊት «ፕሮግራሙን ተርሚናል ላይ ለብቻው አስነሱትና የሚለውን ላኩልኝ» የሚል ሰው ይሁን። ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መልሳችሁን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የላቦራቶሪው የኮምፒውተር ኃላፊ