ገንዘቡ ሞልቷል፤ እኔ ግን አልተደሰትኩም

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽስ ጤናቸው እንዴት ነው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ አግባብ አልነበረም፤ ይቅር በይኝ። ሰበብ ብደረድር አንዱንም እንደማትቀበይኝ ስለማውቅ ልለፈው። ደግሞ አንቺም ለመጨረሻው መልእክቴ መልስ አልሰጠሽኝም። ኩርፊያሽ እንደ ድሮው ከሆነ ቢበዛ እስከዚህ ደብዳቤ ነው የሚቆየው።

የጻፍኩልሽ ስለቸገረኝ ነው። የልጆቹ የከዋክብት አትላስ በመጨረሻ ለሕዝብ ቀረበ። አዎን፣ ያው አትላስ። በኢንተርኔት የገንዘብ ማሰባሰቢያ ከፈትንለት፤ አስቀድሞ ገንዘብ የሰጠን ሰው መጽሐፉ ሲታተም ይላክለታል። የጠየቅነው ገንዘብ ካሰብነው ቀድሞ ሞላና አሁንም እየጨመረ ነው። ዘመቻው ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ያገኘን ሰው ሁሉ ተሳካላችሁ ይለናል። እኔ ግን እስካሁን አንድም የታተመ መጽሐፍ አላየሁም። ያለን ነገር የማናውቃቸው ሰዎች አመኔታና እኛ የጻፍንላቸው ቃል ነው።

ሥዕሎቹን የሠራው ባልደረባችን በዚህ አይስማማም። ገንዘቡ ሌላ እርከን ከደረሰ ጠንካራ ሽፋን፣ የግድግዳ ካርታና በጨለማ የሚያበራ ቀለም እንጨምራለን ብለን እናውጅ ይላል። ክፉ ሐሳብ የለውም። ቅጂው ሲበዛ የአንዱ መጽሐፍ ዋጋ ይቀንሳል ማለቱም እውነት ነው። ነገር ግን ካርታው ተጠቅልሎ ለብቻው መላክ ይኖርበታል፤ የሚያበራውን ቀለም ደግሞ የያዝነው ማተሚያ ቤት አይሠራውም። ሌላ ማተሚያ ቤት ማለት ሌላ ዋጋ፣ ሌላ ቀን ነው። ይህን ስነግረው ፈሪ ነሽ አለኝ። እስቲ አንቺ ፍረጂ፤ ፈሪ ነኝ?

በዚህ ሰሞን ሌሊት ሌሊት የማነበው የሌሎቹን ታሪክ ነው። ኩለስት ስለተባለው የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሣጥን ሰምተሽ ይሆናል። ባለቤቱ በ2013 መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ 125 ሺህ ዶላር ጠይቆ ሳይሞላለት ቀረ። በድረ ገጹ ደንብ ግቡ ካልሞላ ከማንም ገንዘብ አይወሰድም፤ ስለዚህ ማንም አልተጎዳም። በ2014 ተመልሶ 50 ሺህ ጠየቀና ከ62 ሺህ በላይ ሰዎች ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡለት። በጊዜው በድረ ገጹ ታሪክ ከፍተኛው ገንዘብ ነበር። ከዚያ በኋላ ሣጥኑን መሥራት ከታሰበው በላይ ወጪ ጠየቀ። ደጋፊዎቹ ገና እየጠበቁ ሳሉ ዕቃው በገበያ ሲሸጥ አዩት፤ ቶሎ እንዲደርሳችሁ 97 ዶላር ጨምሩ የተባሉም ነበሩ። ድርጅቱ በ2019 ሲዘጋ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ምንም ሳያገኙ ቀሩ። በገንዘብ ከለካነው የመጀመሪያው ዘመቻ ውድቀት፣ ሁለተኛው ድል ነው። ባዶ እጃቸውን የቀሩት ሰዎች ግን ሁሉም የሁለተኛው ናቸው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ቁጥራችንን በቀድሞው ዓይን ማየት አልቻልኩም።

ለባልደረባችን ይህን ስነግረው ፔብል የተባለውን የእጅ ሰዓት ያነሣብኛል። ደግ አደረገ፤ እኔም ሰዓቱን እወደዋለሁ። በ2012 100 ሺህ ዶላር ጠይቆ ከ10 ሚሊዮን በላይ አገኘ፤ ለመስከረም የተባለው ሰዓት መላክ የጀመረው በሚቀጥለው ዓመት ጥር ነው። ዘገየ፣ ግን ደረሰ። ድርጅቱ በ2016 ሲዘጋም በኋለኛው ዘመቻው ሰዓታቸው ላልተሠራላቸው ደጋፊዎች ገንዘባቸውን መለሰ። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ኢታን ሞሊክ በ2015 ባወጣው ጥናትም፣ ኪክስታርተር ላይ ገንዘብ ካገኙት ሥራዎች ቃል የገቡትን ሳያደርሱ የቀሩት 9 በመቶ ያህል ናቸው። ባልደረባችን በዚህ ይጽናናል። እኔ መዘግየቱን ይቅር እላለሁ፤ ሰው ምክንያቱን በጊዜው ከተነገረው ይታገሣል። ይቅር የማልለው ማድረስ እንደማንችል እየጠረጠርን ቃል መጨመራችንን ነው።

ድረ ገጾቹ ሥራው ተሳካ ብለው የሚመዘግቡት ገንዘቡ የሞላ ቀን ነው፤ ኪክስታርተርም 5 በመቶ ድርሻውን የሚያነሣው ያኔ ነው። የእነርሱ ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል፤ የእኛ ገና መጀመሩ ነው። ሥራውን መፈጸም ያልቻለ ሰው ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ እንዲያስረዳና የቀረውን ለደጋፊዎቹ እንዲመልስ ደንቡ ያዝዛል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ማብራሪያ መጻፍ አልፈልግም።

ያ ሰማያዊ ደብተርሽ ትዝ ይለኛል። ለቲያትሩ መዋጮ ስንሰበስብ ትንሿን ሳንቲም እንኳ ከነስሟ ትመዘግቢ ነበር፤ እኛም እንስቅብሽ ነበር። በ1885 በኒው ዮርክ የነጻነት ሐውልት የሚቆምበት መሠረት ገንዘብ ባጣ ጊዜ፣ የጆሴፍ ፑሊትዘር ጋዜጣ ስጦታው ምንም ያህል ቢያንስ የእያንዳንዱን ሰጪ ስም አትማለሁ ብሎ ቃል ገባ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች ከ100 ሺህ ዶላር በላይ አዋጡ፤ ጋዜጣውም ስማቸውን አተመ። ይህን ሳነብ ወዲያው አንቺን ነው ያሰብኩት።

ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ። ቁጥሩ ሲጨምር ደስ ይለኛል፤ ሌሊት ተነሥቼ አየዋለሁ። በዚያው ሰዓት አንዲት አያት የጻፉልን መልእክት ይመጣብኛል፤ መጽሐፉ ለልጅ ልጃቸው ልደት ይደርስ እንደሆነ ጠይቀዋል። ይደርሳል ብዬ መልሼላቸዋለሁ። ያን የመለስኩት በመጀመሪያው ዕቅድ ነው፤ ሽፋንና ካርታና የሚያበራ ቀለም በሌለበት ዕቅድ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። የማተሚያ ቤት ሒሳብ እንዳንቺ የሚያውቅ ወዳጅ የለኝም። ባልደረባችን አዋጁን ከመለጠፉ በፊት የወጪ ዝርዝሩን እይልኝ። ሌላም ነገር ነበረኝ... አሁን ማንሣቱ ተገቢ ይሁን አይሁን እንጃ። ግን ልበለው። ገንዘቡ ከባንክ ሲወጣ ከሁለታችን ፊርማ ጋር የአንቺም ፊርማ ቢኖርበት ደስ ይለኛል። እርሱም አንቺን እምቢ አይልም፤ እኔን ነው እንጂ የለመደኝ። ከከበደሽ እምቢ በይኝ፤ አልቀየምም።

ዝርዝሩን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የማጓጓዣውን ወጪ አስቀድመሽ እይው፤ ከሁሉም የምጠራጠረው እርሱን ነው።

የአንቺው ጓደኛ