ለረጋጩ ልጄ

ማሙሽ፣

ዛሬ ዶክተሩን በእርግጫ አልከው። ደረቱ ላይ፣ ያውም በግራ እግርህ። እናትህ "ውይ በሞትኩት!" ብላ አፏን ያዘች። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ዶክተሩም ሳቀና "ጉልበትስ አለው" አለ። ከዚያ እግርህን ይዞ ወደ ላይ ቀና ሲያደርገው ሳቁን ተወ። ያኔ ሆዴን ቆረጠኝ፤ ለምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ስትወለድ ግራ እግርህ ወደ ውስጥ ተጠማዞ ነበር፤ የውስጥ እግርህ ቀኝ እግርህን ያያል። ቆልማማ እግር ይሉታል። አዋላጇ "አትደንግጡ፣ ይስተካከላል" አለችን። ደነገጥን። አራስ ጠያቂው ደግሞ ገንፎውን እየበላ ምክንያት ይደረድራል። አንዷ ዓይን ነው አለች። ሌላዋ እናትህን "እርጉዝ ሆነሽ ያደረግሽው ነገር ካለ አስታውሺ" ብላ አስለቀሰቻት። ሴትዮዋን አሁንም ሰላም እላታለሁ፣ ግን በግማሽ ልቤ ነው። ዶክተሩ ያስረዳን ሌላ ነው። ከ1,000 ሕፃናት አንድ ሁለቱ እንዲህ ሆነው ይወለዳሉ፣ ወንዶች ላይ ከሴቶች እጥፍ ይበዛል፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም። የእናትህ ጥፋት የለበትም ሲላት መጀመሪያ ያለቀሰችው እኔ ላይ ነው፣ ትከሻዬ ረጠበ።

ሕክምናው በሁለት ሳምንትህ ተጀመረ። ፖንሴቲ የሚባል ስፔን ተወልዶ አሜሪካ የሠራ ሐኪም ያወጣው ዘዴ ነው። በየሳምንቱ እግርህን በእጅ ትንሽ ትንሽ እያቃኑ ከጣትህ እስከ ጭንህ ጀሶ ያደርጉልሃል። የቀጠሮው ዕለት ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ እንዘፈዝፈውና እናወልቀዋለን። ስድስት ጀሶ። በመጨረሻ የተረከዝህ ጅማት አጭር ስለነበር በማደንዘዣ ትንሽ ቆረጥ ተደረገ፤ ሦስት ሳምንት ጀሶ ውስጥ ሆኖ ረዝሞ ገጠመ። አያትህ ይሄን ሲሰሙ "ጅማ ተወልዶ እንዴት ጅማት ያጥረዋል?" ብለው ነበር። እስካሁን ሰው ሲመጣ ይደግሙታል።

ጀሶው ሲያልቅ ጫማው መጣ። ሁለት ጫማ በአንድ ብረት ዘንግ ላይ የተያያዘ፣ ግራው ወደ ውጭ በጣም ዞሮ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በቀን 23 ሰዓት ታደርገው ነበር፣ ቀሪዋ አንድ ሰዓት ለገላህ ናት። ከዚያ በኋላ ስትተኛ ብቻ፣ እስከ አራት አምስት ዓመትህ ድረስ።

አመልህ የወጣው በሰባት ወርህ ነው። ጣቶችህን ሸብሸብ ታደርጋለህ። ተረከዝህን ከወንበርም ከግድግዳም ጋር ትፈትጋለህ። ማሰሪያው ላላ ያለ ቀን ተረከዝህ ሾልኮ ይወጣል፣ ከዚያ ቀና ብለህ ታየናለህ፤ እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ ተሸላሚ። አንድ ጠዋት የአያትህን ባለ ሦስት እግር በርጩማ በባዶው ዘንግ ስትደበድብ አገኘንህ። "ቀዥቃዣ!" አለች እናትህ። ስሙ ጸደቀልህ።

ባለፈው ወር ጥርስህ ሲመጣ ሌሊቱን ሙሉ ታለቅስ ነበር። ሌሊት የምነሳው እኔ ነኝ፣ እናትህ ቀን ስትሮጥ ትውልና ትደክማለች። አንድ ሌሊት አላስችልህ ሲልህ ጫማውን አወለቅኩልህ። ዝም አልክ። እኔም ተኛሁ። "አንድ ሌሊት ምን ያመጣል?" አልኩ። አንዷ ሌሊት ዘጠኝ ሆነች። ጎህ ሳይቀድ መልሼ አስርልሃለሁ። አንድ ቀን ሳላስር እንቅልፍ ጣለኝና እናትህ "ማነው ያወለቀው?" ስትል "ማሙሽ ነዋ፣ መቼም አመሉን ታውቂያለሽ" አልኳት። የአስራ አንድ ወር ልጅ ላይ ዋሸሁ።

ዛሬ ለቀጠሮው ከቤት ስንወጣ ዝናቡ ባጃጁን አልፎ ይመታናል። አንተ ዝናቡ ቁም ነገርህ አልነበረም፣ የሹፌሩን አንገት በጣትህ ትነካ ነበር። ተራ ስንጠብቅ የቀጠሮ ካርድህን ግማሹን በላኸው። ሲስተሯ ሚዛን ላይ ስታስቀምጥህ ሸናህበት። ከዚያ ከአጋሮ የመጣች እናት አጠገብ ተቀመጥን። ልጇ ገና የወር ነው፣ ሁለቱም እግሩ ጀሶ ውስጥ ነው። ማንኪያህን ይዘህ ጎንበስ አልክና ጀሶውን ኳ፣ ኳ፣ ኳ። በር መስሎህ ነው መሰለኝ። ልቀማህ ስል ሴትዮዋ ከለከለችኝ። በኦሮምኛ "ይሄም እንደሱ ነበር?" ብላ ጠየቀችን። እናትህ ሱሪህን ሰብስባ ግራ እግርህን አሳየቻት። ሴትዮዋ "ማሻአላህ" ብላ እግርህን ይዛ ቆየች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው እርግጫው። ዶክተሩ "ባለፈው ከዚህ ይበልጥ ወደ ላይ ይታጠፍ ነበር። ትንሽ ያዝ አድርጎታል። ጫማውን እንዴት ነው?" አለ። እናትህ "አስቸግሮናል፣ ያወልቃል" አለች። እሱም አልተከራከረም። የመሃሉን ማሰሪያ አስቀድሞ አጠበቀ፣ ከዚያ ሌሎቹን። ጫማው ውስጥ በጣቶችህ ጫፍ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረ። ጣትህ መስመሩን ከነካ ወይም ካለፈ ተረከዝህ ቦታው ላይ ነው ማለት ነው። "በሉ ያውልቀው" ብሎ ለቀቀህ። ታገልክ። ፈተግክ። ጮኽክ። አልወጣም። ዶክተሩ አየኝ። እናትህ አላየችኝም።

ጫማው በአግባቡ ካልተደረገ እግሩ ወደነበረበት የመመለስ ጠባይ እንዳለው ነገረን። በሁለት ሳምንት ተመለሱ አለ፤ ካልላላ እንደገና አንድ ሁለት ጀሶ ሊያስፈልግ ይችላል።

አዌቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ነገርኳት። ባጃጁ ውስጥ፣ አንተ በሁለታችን መሃል የካርዱን ሌላ ግማሽ እየፈለግክ። ተቆጥታ ታወርደኛለች ብዬ ነበር። ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ "ጠዋት ጠዋት ጫማው ይቀዘቅዝ ነበር" አለችኝ። "ልጅ ያደረበት ጫማ ይሞቃል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እኔም ልቅሶውን መስማት አልቻልኩም ነበራ።"

ቤት እስክንደርስ ሌላ አልተናገርንም። ማታ ጫማህን ያሰረችው እሷ ናት፣ ባትሪ ይዤ መስመሩን ያየሁት እኔ። ጣትህ አልፎታል። አንድ ሰዓት ያህል አለቀስክብን። ተራ በተራ ተሸክመንህ ዞርን፣ ማንም እጁን ወደ ማሰሪያው አልሰደደም። አሁን ስድስት ሰዓት ሆኗል። ዘንጉ የአልጋውን እንጨት ኳ አደረገው፣ ደግሞ ኳ። ልነሳና ጫማውን በእጄ ልንካው።

አባትህ
ጅማ