ስለ ጥቅምት ወር ሥራችን እና ስለ አንድ የዓመተ ምሕረት ስህተት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። የጥቅምት ደብዳቤያችን ዘጠኝ ቀን ዘግይቷል። ሦስት ዘገባ እናደርሳለን ብለን ያደረስነው አንድ ብቻ ነው። ምክንያቱን ማወቅ አለባችሁ።

ነገሩ በስልክ ጀመረ። ደብዳቤያችንን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያነቡ አንድ አባት ደወሉ። ባለፈው ወር ስለ ቆዩ ጋዜጦች ስንጽፍ አዲስ ዘመን «በ1941 ተመሠረተ» ብለን ነበር። «ልጄ፣ በ1941 እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ» አሉኝ። «ጋዜጣው ግን ገና ፊደል ሳልቆጥር አባቴ ቤት ይመጣ ነበር።»

ልክ ናቸው። አዲስ ዘመን የወጣው ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ በገቡ በወሩ። 1941 የፈረንጆቹ ቁጥር ነው። ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ አንስተን፣ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሳንለይ አሳለፍነው። ጽሑፉን ወስደው ያተሙ ሁለት ደንበኞቻችንም የእኛን ስህተት አብረው አተሙ። ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከዚያ በኋላ ሌላውን ሥራ አቁመን የዓመቱን ጽሑፎች በሙሉ አገላበጥን። ሦስት ተመሳሳይ ጥፋት አገኘን። ከፈረንጆቹ ዓመት ሁልጊዜ ስምንት ቀንሶ መገላገል አይቻልም። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይሆናል። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1896፣ ስምንት። ሚሊኒየሙን ያከበርነው መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ 2007፣ ሰባት። ስለዚህ ወሩ ካልታወቀ ግምት አያዋጣም። ሄዶ ማየት ነው።

እኛም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር፣ ሄደን አየን። የቆየ ጋዜጣ ቶሎ አይነበብም። ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኗል፤ ቸኩለው ከገለጡት እጅ ላይ ይፈረፈራል። አንዷን ቀን ለማረጋገጥ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ዘጠኙ ቀን የሄደው እዚያ ነው፣ እኔ ደግሞ አይቆጨኝም።

ከአሁን ወዲያ እያንዳንዱ ዓመት ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ተጽፎበት ይወጣል። አንዳችን የጻፍነውን ሌላችን ከምንጩ ጋር ያመሳክራል። ወሩን ካላገኘን ሁለቱንም ዓመት እናስቀምጣለን። የታረሙት አራት ጽሑፎች ያለ ክፍያ ይደርሷችኋል። ያልደረሱት የሁለቱ ዘገባዎች ሂሳብ እንዲመለስላችሁ ወይም ወደ ኅዳር እንዲዞር የምትፈልጉትን ንገሩን።

የደረሰው ዘገባ ስለ መጽሐፍ አዟሪዎች ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአንድ ልጅ ጋር ሦስት ቀን ዋልን። መጻሕፍቱን ከክንዱ እስከ አገጩ ደርድሮ ነው የሚዞረው። ሰው አንዱን ይመዛል፤ ገልብጦ ከጀርባው የታተመውን ዋጋ ያያል። በላዩ ሌላ ዋጋ ተለጥፎበታል። በጥፍሩ ላጥ አድርጎ የድሮውን ያይና መልሶ ይሰጠዋል። ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዶላሩ መወደድ እዚህ ልጅ ክንድ ላይ ደርሷል። ሰው መጽሐፍ ጠልቶ አይደለም፤ እጁ አጥሮ ነው።

የወሩ ንባባችን የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ያነበባችሁት እንኳ ድገሙት። በዓሉ ራሱ ጋዜጠኛ ነበር፤ አዲስ ዘመንንም በዋና አዘጋጅነት መርቷል። ባለታሪኩም ጋዜጠኛ ነው፤ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ካካሄደው ከቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር አሥመራ ይሄዳል። የታዘዘውን እየዘገበ ያየውን መርሳት አቃተው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። በዚህ ሙያ ላለ ሰው ይህን እያሰቡ ማንበብ ከባድ ነው። እኔ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት፤ ከዚያ ሌላ መጽሐፍ ለመጀመር ሳምንት ወሰደብኝ።

ቀለል ያለ የፈለገ የጳውሎስ ኞኞን «አጤ ሚኒልክ» ይያዝ። የንጉሡን ደብዳቤዎች ስላሰፈረበት ድምፃቸው ራሱ ይሰማል።

ስህተት ካያችሁ ደውሉልን፣ ማታም ቢሆን። የታረመውን ቅጂ በትልልቅ ፊደል አትመን፣ ለደወሉልን አባት ቅዳሜ ቤታቸው ድረስ ይዘን እንሄዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘገባ ቢሯችን ሁለቱ አዘጋጆች