"ሁለት ሚሊ" ሲባል ማን ይሰጣል? ማንስ ትንፋሽ ያያል?

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣ የባለሙያዎች ፈቃድና የሥራ ወሰን ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች፤

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ነርስ ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የምሠራውም እዚሁ በከተማው ዳር ባለ ሆስፒታል ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን፣ ለታካሚ ማንቀላፊያ መድኃኒት ማን እንደሚሰጥና ትንፋሹን ማን እንደሚያይ በጽሑፍ እንድትወስኑልን ለመለመን ነው።

ፈቃዴ ላይ "ነርስ" ይላል። የየቀን ሥራዬ ግን የታካሚ ትንፋሽ ነው። ኦክስጅን፣ ሳክሽን (አክታ መምጠጥ)፣ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን)። አሜሪካ ለዚህ ራሱን የቻለ ሙያ አለ፤ ሬስፓይራቶሪ ቴራፒስት ይባላል። እኛ ጋ ሥራው በአብዛኛው የሚወድቀው ነርስና አንስቴቲስት (የማደንዘዣ ባለሙያ) ላይ ነው።

ታዲያ የልብ ሕክምና ሲኖርም እጠራለሁ። በጉሮሮ የሚገባ የልብ አልትራሳውንድ፣ ወይም ምቱ የተዛባ ልብን በኤሌክትሪክ ማስተካከል። ለሁለቱም ታካሚው ማንቀላፊያ መድኃኒት ይሰጠዋል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

አንዲት ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባት ወጣት ነበረች። በጎኗ ተኝታለች። እናቷ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ኮሪደር ላይ ቆማለች። ሐኪሙ ፕሮቡን፣ ማለትም በጉሮሮ የሚገባውን የአልትራሳውንድ ቱቦ፣ ለማስገባት ሲዘጋጅ ሁለት እጁም ተይዟል። ቀና ሳይል "ሚዳዞላም ሁለት ሚሊ ስጪያት" አለኝ። ሚዳዞላም ማንቀላፊያው መድኃኒት ነው።

እጄ ላይ የነበረው አምፑል በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም የያዘ ነው። "ሁለት ሚሊ" ያለው ሚሊ ግራም ከሆነ መርፌው ውስጥ የሚገባው 0.4 ሚሊ ሊትር ነው። ሚሊ ሊትር ከሆነ ግን 10 ሚሊ ግራም ይሆናል። አምስት እጥፍ! ልቧ ለደከመ ልጅ ይህ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። "ሚሊ ግራም ነው አይደል፣ ዶክተር?" ብዬ ጠየቅኩ። "አዎ፣ ሚሊ ግራም" አለ። ቀስ ብዬ ሰጠኋት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉልኝ። መድኃኒቱን ስሰጥ፣ ካርዱ ላይ ስጽፍ፣ ዓይኔ ከደረቷ ተነሥቶ ነበር። ቀና ስል ደረቷ አይንቀሳቀስም። ጣቷ ላይ ያለው ማሽን ግን አሁንም 96 ይላል። ይህ ማሽን የሚያሳየው የደም ኦክስጅን መጠንን እንጂ ትንፋሽን አይደለም። ኦክስጅን እየተሰጣት ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ እስኪወርድ ይቆያል። አገጯን አነሣሁ፣ ስሟን እየጠራሁ ትከሻዋን ነቀነቅኳት። ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ማታ ከእናቷ ጋር ወደ ቤቷ ሄደች።

ባትስብስ ኖሮ? "ማን ሰጣት?" ነው የሚባለው። ትእዛዙ በቃል ነው። የሥራ መዘርዝሬ ላይ ስለ ማንቀላፊያ መድኃኒት አንድ መስመር የለም። አለቃዬን ስጠይቅ "ሁሌም እንደዚህ ነው የምንሠራው" ተባልኩ።

አሜሪካም ቢሆን ቴራፒስቱ ምን መድኃኒት መስጠት እንደሚችል ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል። የአንስቴዚዮሎጂስቶች (የማደንዘዣ ሐኪሞች) ማኅበራቸው መመሪያ ግን አንድ ነገር በግልጽ አስቀምጧል፤ ምርመራውን የሚሠራውና ታካሚውን የሚከታተለው ሰው የተለያዩ መሆን አለባቸው።

እኔ "ነርስ አይስጥ" እያልኩ አይደለም። አንስቴቲስት በሌለበት ቀን ሥራው ይቁም ብል ከሩቅ የመጣ ታካሚ ይመለሳል። ሰልጥኜ፣ ተፈትኜ፣ በጽሑፍ ተፈቅዶልኝ ከሆነ እሰጣለሁ። የምለምናችሁ ወሰኑን እንድትጽፉልን ነው። የትኛው ባለሙያ፣ የትኛውን መድኃኒት፣ እስከ ስንት ሚሊ ግራም፣ ማን አጠገቡ ቆሞ? ትእዛዝ ሁሌ በሚሊ ግራም ይነገር፤ ሰጪውም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይድገመው። ክፍሉ ውስጥ ትንፋሽ ከማየት ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ሰው ይኑር። ከሁሉም በላይ የምፈልገው ይህንን ነው።

ማርከሻዎቹ፣ ለሚዳዞላም ፍሉማዜኒል፣ ለኦፒዮይድ የሕመም ማስታገሻዎች ናሎክሶን፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው አምቡ ባግም፣ ሥራው ሳይጀመር ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ። የፍሉማዜኒል ኃይል ከሚዳዞላም ቀድሞ ስለሚያልቅ "ነቃች" ብሎ ወዲያው ወደ ቤት መላክ እንደማይቻልም ይጻፍ።

መመሪያው ሲረቀቅ በዳር ሆስፒታሎች የምንሠራ ነርሶችንም ጋብዙ። ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼም ቢሆን እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ነርስ፣ ቱሉ ዲምቱ