ጥቁር ልብስሽ ትዝ አለኝ

እህት ዓለም፣

እንዴት ነሽልኝ? ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ አሁን ብቅ ስል ምን እንደምትይኝ አውቃለሁ። እማማ ያረፉ ጊዜ ዛሬ ነገ እደውላለሁ ስል ሳምንቱ አለፈ። ከዚያ አርባው። ከዚያ አፈርኩ። ሌላ ሰበብ የለኝም።

ባለፈው እሁድ እዚህ ብራሰልስ ዝናብ አባሮኝ የሥዕል ሙዚየም ገባሁ። አንድ ትንሽ ሥዕል ፊት ቆሜ ቀረሁ። ሮጊር ቫን ደር ዌይደን እ.ኤ.አ. በ1460 ግድም የሳለው የአንቷን ምስል ነው። አንቷን የቡርጎኝ (የዛሬዋ ፈረንሳይ ውስጥ ያለ ግዛት) መስፍን የፊሊፕ ልጅ ነው፤ ከሚስቱ ግን አልተወለደም። መጠሪያው «ታላቁ ዲቃላ» ነበር። አልቀለድኩም! እኛ ጋ ቢሆን ያካስሳል።

ዕንቁ የለ፣ ጥልፍ የለ። ረጅም ጥቁር ቆብ፣ ጠቆር ያለ ልብስ፣ በእጁ አንዲት ፍላጻ። የሚያበራው አንገቱ ላይ ያለው ወርቅ ብቻ ነው። ጠጋ ብዬ አየሁት። ሐብሉ በእሳት መምቻ ብረትና በባልጩት ቅርጽ የተያያዘ ነው፤ ከሥሩ የበግ ለምድ ተንጠልጥሏል። አባቱ በ1430 ያቋቋመው የወርቅ ለምድ የተባለው የመኳንንት ማኅበር ምልክት ነው። ሐብሉን መሸጥም ማስያዝም ክልክል ነበር፤ ባለቤቱ ሲሞት ይመለሳል። ነጋዴ የቱንም ያህል ቢከብር ገዝቶ አያጠልቀውም።

እኔን የያዘኝ ግን ጥቁሩ ነው። የፊሊፕ አባት፣ አይፈሬው ዣን፣ በ1419 ፈረንሳይ ውስጥ ሞንትሮ ድልድይ ላይ ለድርድር በሄደበት ተገደለ። ልጁ ፊሊፕ ጥቁር ለበሰ፤ ሐዘኑ ካለፈ በኋላም አልተወውም። ቤተ መንግሥቱ ተከተለው፣ ጥቁር የክብር ልብስ ሆነ። ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ርካሹ ጥቁር ብረት ባለበት ቀለም ይነከርና ቶሎ ቡኒ ይሆናል፣ ጨርቁንም ይበላዋል። የመሳፍንቱ ግን መጀመሪያ ደማቅ ሰማያዊ ይነከራል፣ በላዩ ቀይ ይደገማል፤ እንዲያ ነው የሚጠቁረው። የዚያን ዘመን ሰው ገና ከሩቅ ሲያየው ዋጋውን ያውቃል።

ቤት ገብቼ የላክሽልኝን የሙት ዓመቱን ፎቶ አወጣሁ። ቀሚስሽ ትከሻው ላይ ቡኒ ሆኗል። ስንት ጊዜ አጥበሽ መልሰሽ እንደለበስሽው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዓመቱን ሙሉ ነዋ! እኔ አንድ ቀን እንኳ አልደወልኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት እደውላለሁ። ቁጥሬ አዲስ ነው፤ ባታውቂውም አንሺው።

ያንቺው