ባትሪ ከመቀየሩ በፊት ቮልቴጁ ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

መኪና መንገድ ላይ ጠፍታ ስትቆም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ፍርድ «ባትሪው ሞቷል» የሚል ነው። አዲስ ባትሪ ይገዛል፣ መኪናዋ ትነሳለች፣ ባለቤቱም ተመስገን ብሎ ይሄዳል። ከጥቂት ሰዓት ወይም ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ አዲሱም ባትሪ ባዶ ሆኗል። በመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው አንድ ነገር አጥብቀን ለማሳሰብ ነው። መብራቷ እየደከመ ሄዶ ሞተሯ የጠፋ መኪና ችግሩ በአብዛኛው ባትሪው ሳይሆን ባትሪውን የሚሞላው ክፍል ነው። ይህንንም ለመለየት አንድ ዲጂታል መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ባትሪው ዋና ሥራው ሞተሪኖውን አዙሮ ሞተሩን ማስነሳት ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የካንዴላውን እሳት፣ የነዳጅ ፓምፑን፣ ኢንጀክተሮቹን፣ መብራቱንና የሞተሩን ኮምፒውተር የሚመግበው አልተርኔተሩ፣ በተለምዶ ዲናሞ የምንለው ነው። ዲናሞው ሥራ ሲያቆም መኪናዋ ወዲያው አትጠፋም፤ ከባትሪው እየበላች ትሄዳለች። ስንት ጊዜ? ሁለቱ የፊት መብራቶች እያንዳንዳቸው 55 ዋት ቢሆኑ ወደ 9 አምፔር ይወስዳሉ። የነዳጅ ፓምፑ፣ ኢንጀክተሩ፣ የካንዴላው እሳትና ኮምፒውተሩ ተደምረው ሌላ 10 ወይም 15 አምፔር ይጠይቃሉ። የማሞቂያው ወይም የማቀዝቀዣው ነፋሻ እስከ መጨረሻ ከተከፈተ ሌላ 15 ይጨምራል። በጠቅላላው 40 አምፔር ቢጠጋ፣ 60 አምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ በወረቀት ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ያቆያል። በተግባር ግን ባትሪው ሙሉ ስለማይሆንና ተሟጦ ከማለቁ አስቀድሞ ቮልቴጁ ስለሚወርድ ጊዜው ከዚያ ያጥራል። ቀን በሰላም የሄደች መኪና ማታ መብራት ሲበራ ቶሎ የምትቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

አወዳደቁም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የፊት መብራቱ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፣ ነፋሻው ይደክማል፣ የዝናብ መጥረጊያው ይዘገያል። ከዚያ ሬዲዮው ይጠፋል። የፍሬን፣ የኤርባግና የመሪ ምልክቶች ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ላይ ይበራሉ። ይህን ሲያዩ አንዳንዶች ብዙ ነገር በአንዴ የተበላሸ ይመስላቸዋል፤ ሁሉም ግን የሚጮኹት ስለ አንድ የቮልቴጅ እጥረት ነው። በመጨረሻ ቮልቴጁ ወደ 10 ገደማና ከዚያ በታች ሲወርድ የነዳጅ ግፊቱ ይቀንሳል፣ እሳቱ ይደክማል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። ፓምፓቸው በመካኒክ ብቻ የሚሠራ የድሮ የናፍጣ ሞተሮች ለነዳጅ መዝጊያው ጥቂት ኤሌክትሪክ ካገኙ ስለሚበቃቸው ረጅም መንገድ ይታገሣሉ።

መኪናዋ እንደቆመች መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው እንዴት ያዞራል? በኃይል አዙሮ ሞተሩ ካልተነሳ፣ መብራቱም ደማቅ ከሆነ፣ ዲናሞውን ተዉት፤ ነዳጅ ወይም ሴንሰር ፈልጉ። ቀጭ ቀጭ ብሎ ከቀረ፣ ወይም ጨርሶ ዝም ካለ፣ ከሌላ መኪና ባትሪ ጋር ተያይዞም ሞተሩ ከተነሳና የማያያዣው ገመድ ከተነቀለ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ከጠፋ፣ ችግሩ ባትሪውን የሚሞላው ክፍል ላይ መሆኑ ከሞላ ጎደል ተረጋግጧል። ጉድጓድ ስትመታ ሁሉም ነገር በአንዴ ድርግም ብሎ ከጠፋ ደግሞ የላላ የባትሪ ተርሚናል ወይም የተቆረጠ የማሳ ገመድ (የባትሪውን ኔጋቲቭ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው) ይፈለግ።

አሁን ወደሚያሳስበን ልማድ እንምጣ። ዲናሞው መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል ዛሬም እንደ ብልሃት ይቆጠራል። ሞተሩ ካልጠፋ «ዲናሞው ጤነኛ ነው» ይባላል። ይህ ፈተና ካርቡሬተር ባላቸው፣ አንድም ኮምፒውተር በሌላቸው መኪኖች ዘመን የመጣ ነው። ያኔ የሚቃጠል ነገር ጥቂት ነበር። ዛሬ ባትሪው ድንገት ሲለያይ ዲናሞው ውስጥ ያለው የማግኔት ኃይል በቅጽበት መውረድ አይችልም። ሲገፋ የነበረው ኃይል መሄጃ ስለሚያጣ ቮልቴጁ ለአፍታ ብዙ አሥር ቮልት፣ መከላከያ በሌለበት እስከ 100 ቮልት ገደማ ሊዘል ይችላል። ያን ዝላይ ውጦ የሚያስቀረው ባትሪው ነበር፤ እሱ ተነቅሏል። የሚቃጠለው የዲናሞው ዳዮድ (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥታ የሚቀይረው)፣ ሬጉሌተሩ (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው) ወይም የሞተሩ ኮምፒውተር ነው፤ የኮምፒውተሩ ዋጋ ደግሞ ከባትሪም ከዲናሞም ይበልጣል። ከዚህም በላይ ፈተናው ይዋሻል። አንድ ዳዮዱ የተቃጠለ ዲናሞ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሞተሩን ብቻውን ሊያቆይ ይችላል፤ መብራትና ነፋሻ ሲጨመርበት ግን አይችልም። ስለዚህ ገመዱን የሚነቅል ሰው የታመመውን ጤነኛ ብሎ ሊሸኝ፣ ጤነኛውን ደግሞ ሊያሳምም ይችላል። ይህ ልማድ ይቅር ብለን እንለምናለን።

በምትኩ ይለካ። መልቲሜትሩ 20 ቮልት ቀጥታ (DC) ላይ ይደረግና ጫፎቹ ገመዱ ላይ ሳይሆን ራሳቸው የባትሪው የእርሳስ ምሰሶዎች ላይ ይጫኑ። ሞተሩ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ወደ ግማሽ የወረደ ነው፤ 12.0 ለባዶ የቀረበ ነው። አሁን የጠፋች መኪና ከሆነች የፊት መብራቱን ለሁለት ደቂቃ አብርቶ፣ አጥፍቶ መለካት ላይ ላዩን የቀረውን አሳሳች ቮልቴጅ ያነሳል። ሞተሪኖው ሲያዞር ንባቡ ከ9.6 በታች ባይወርድ መልካም ነው። ከዚያ ሞተሩ ይነሳ፤ በብዙ መኪኖች ላይ ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት መታየት አለበት። ንባቡ ባትሪው ካረፈበት ቁጥር ካልጨመረ ዲናሞው አይሞላም። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ መቆጣጠር አቅቶታል፤ ባትሪውን ያፈላዋል፣ አምፖሎችንም ይበላል። ቀጥሎ ረጅሙ መብራት፣ ነፋሻውና የኋላ መስታወት ማሞቂያው በአንድነት ይከፈቱ፣ ሞተሩም በደቂቃ 2000 ዙር ላይ ይያዝ። ቮልቴጁ ከ13.2 በታች ከወረደ ዲናሞው ጭነት አይችልም ማለት ነው። ይህን ሁሉ በቀዝቃዛ ሞተር ብቻ አይቶ መጨረስ አይገባም። ሲሞቁ የሚደክሙ ሬጉሌተሮች አሉና ከ20 ደቂቃ ጉዞ በኋላ ይደገም። በአዳዲስ መኪኖች ላይ የሞተሩ ኮምፒውተር ሆን ብሎ ቮልቴጁን እስከ 12.5 አካባቢ ሊያወርደው ስለሚችል፣ ጭነት ሳይጨመር ዝቅ ያለ ንባብ ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ንባቡ ዝቅ ቢልም ዲናሞው ከመፈታቱ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ተንሸራቶ እንደሆነ ይታይ፦ ጎኑ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ ጭነት ሲጨመር ይጮኻል፤ የድሮው ዓይነት ቺንጋ በአውራ ጣት ሲጫን ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ መግባት አለበት። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ የባትሪ ምልክቷ ቀይ መብራት መብራት አለባት። ይህችን ብዙ ሰው አያስተውላትም። መንገድ ላይ ስለማትበራ ሁሉም ደህና ነው ብሎ የሚያስብ አሽከርካሪ፣ ምናልባት አምፖሏ ከተቃጠለ ቆይቷል። በብዙ የቆዩ መኪኖች ደግሞ ዲናሞው ለመጀመር የሚያስፈልገውን ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዚችው አምፖል በኩል ነውና፣ አምፖሏ ስትሞት እሱም አይነሳም። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ በዲናሞው ወፍራም ገመድ ጫፍ ላይ የባትሪው ቮልቴጅ ካልታየ፣ በመካከል ያለው ትልቁ ፊውዝ ተቃጥሏል።

ገመዶቹም ይለኩ። ሞተሩ በጭነት እየሠራ አንዱ የመልቲሜትር ጫፍ ዲናሞው ወፍራም ቡሎን ላይ፣ ሌላው ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ሲደረግ ንባቡ ከ0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም። በማሳ በኩል ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ከ0.2 ከበለጠ ችግሩ ዝገት ነው፤ ጫፉ ተፈትቶ በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ይጠረግ። በዚህ ብቻ የዳኑ፣ ሊጣሉ የነበሩ ዲናሞዎች ብዙ ናቸው።

ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የካቻቪቴ ጫፍ ወደ ዲናሞው የኋላ ኩሽኔታ ሲጠጋ በብዙ መኪኖች ማግኔቱ ይስበዋል። ካልሳበው ወደ ሮተሩ (ዲናሞው ውስጥ ወደሚሽከረከረው ማግኔት) ኤሌክትሪክ እየደረሰ አይደለም፤ ካርቦኑ (የሮተሩን ቀለበት እየነካ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው)፣ ሬጉሌተሩ ወይም ቀጭኑ ሽቦ ይጠርጠር። (ሬጉሌተሩን ኮምፒውተር በሚያዝባቸው መኪኖች ይህ አይሠራም።) ሞተሩ እየሠራ የዲናሞው ጀርባ በካቻቪቴው እጀታ ቀስ ተብሎ ሲመታ ቮልቴጁ ድንገት 14 ከሆነ፣ ካርቦኑ አልቆ ከቀለበቱ ተለያይቷል። ካርቦን ብቻውን የሚቀየርባቸው ዲናሞዎች ላይ ሙሉ ዲናሞ መግዛት አያስፈልግም።

ዳዮዱ የሚታወቀው መልቲሜትሩን ወደ ተለዋዋጭ ቮልት (AC) በማዞር ነው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ0.5 ቮልት በላይ ከታየ ዳዮድ ተቃጥሏል። ሌላ ምልክትም አለው፦ ሌሊቱን የቆመች መኪና ዲናሞዋ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ለእጅ ለብ ካለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪው በዚያ ዳዮድ በኩል ሲፈስ አድሯል።

ዲናሞው ሲፈታ ቅድሚያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፤ ወፍራሙ ገመድ ሞተሩ ቢጠፋም ኃይል አለው፣ መፍቻ ቢነካው እሳት ይረጫል። አዲሱ ከገባ በኋላ ደግሞ ባዶውን ባትሪ እንዲሞላ አይተውበት። ዲናሞ የተሠራው ባትሪን ሞልቶ ለማቆየት ነው፤ የሞተ ባትሪ ሲሰጠው በሙሉ አቅሙ ለረጅም ጊዜ ይሠራና ይሞቃል፣ ዳዮዱም ይበላል። 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ6 አምፔር ቻርጀር አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ አየር ባለበት ቦታ ይሞላ፤ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ተቀጣጣይ ስለሆነ እሳት አይቅረበው።

የባትሪ ምልክቷ ጉዞ ላይ ከበራች ሞተሩን አታጥፉ፤ ካጠፋችሁት ላይነሳ ይችላል። ነፋሻውን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውን፣ ሬዲዮውንና የስልክ ቻርጀሩን ዝጉ፤ ማታ ከሆነ ግን የፊት መብራቱን እንዳታጠፉ። ወዲያውኑም የሙቀት መለኪያውን ተመልከቱ። በአንዳንድ መኪኖች ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ስለሆነ፣ ምልክቷ በርታ መርፌው ወደ ላይ ከወጣ ቺንጋው ተበጥሷልና ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። መሪያችሁ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ከሆነ ቮልቴጁ ሲወርድ ድንገት ይከብዳል፤ መሪውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ቅርቡ ጋራዥ ንዱ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች